የሚነሣ እጅና የማይነሣ ሸክም

በየቤታችን፣ በየጎረቤታችንና በየሆስፒታሉ ኮሪደር ደጋግመን የምንሰማው አንድ የማጽናኛ ቃል አለ። ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ መኪና ሲገጨው ወይም ግድግዳ ተንዶ ሲጫነው እናቱን ከበው የተቀመጡት ሰዎች «አይዞሽ፣ ልጅ ቶሎ ይድናል» ይሏታል። ቃሉ ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ እውነት የሆነ ቃል ሁሉ ወደ ቅን ፍርድ ያደርሳል ማለት አይደለም። የልጅ ሥጋ ቶሎ የሚድን መሆኑ በእኛ በአዋቂዎቹ ላይ ያለውን ግዴታ ያቀልልናልን? ወይስ ይበልጥ ያከብድብናል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው የኅሊና ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቆሼ ወይም ረጲ በሚባለው ሥፍራ የመዲናይቱ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲጣል ኖሯል። ቦታው 36 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ያ የዘመናት ክምር ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ደሳሳ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ቤተ ዘመድና ጎረቤት በእጁና በአካፋ፣ ኋላም በኤክስካቫተር እየታገዘ ለቀናት ሲቆፍር ሰነበተ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ኖሮ ነበርና በአንድ ናዳ ተቀበረ፤ ጎን ለጎንም ተለቀሰለት።

ከእንዲህ ያለው አደጋ በኋላ የሟቾችን ቁጥር እንጠይቃለን፤ ተገቢም ነው። ከሸክም ሥር ወጥቶ በሕይወት ስለሚኖር ሕፃን ግን «ተርፏል» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ለመሆኑ መትረፍ ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚያተርፈው?

ትንፋሽ የሚገኘው በደረት ነው

የሰው ልጅ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ይመስለናል። አፍንጫና አፍ ግን በር ናቸው እንጂ አየሩን የሚስቡት እነርሱ አይደሉም። ጎድን አጥንቶች ወደ ላይና ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ሰፊ ጡንቻ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ደረት እንዲህ ሲሰፋ አየር ይገባል፤ ሲጠብ ይወጣል። እንግዲህ መስፋት ያልቻለ ደረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ አየር አያገኝም። በናዳ ወይም በሕዝብ ግፊያ መካከል የሚሞቱ ብዙ ሰዎች አፋቸው ሳይደፈን፣ አንገታቸው ሳይታነቅ የሚሞቱት ስለዚህ ነው። የሚገድላቸው ክብደቱ ነው።

ቋንቋችን ይህን ምሥጢር በራሱ መንገድ ጠብቆታል። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሸክሙ የተነሣለት ሰው «እፎይ» ሲል ደረቱ ከአፉ ጋር አብሮ ይናገራል። የሕፃን ደረት ላይ የተጫነውን ማንሣት ነፍሱን መመለስ ነው ብንል ምሳሌ መናገራችን ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1837 በፓሪስ ከተማ በሕዝብ ግፊያ ተጨፍልቀው የሞቱ ሰዎችን የመረመረ ኦሊቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሟቾቹ ፊት ጠቁሮና ደም ቋጥሮ እንዳገኘው ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። ደረት በድንገት በከባድ ነገር ሲጨፈለቅ ወደ ልብ ይመለስ የነበረው ደም በታላቅ ግፊት ወደ አንገትና ወደ ራስ ይገፋል። በዚያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግፊቱን መሸከም አቅቷቸው ይፈነዳሉ። ስለዚህ ከሸክሙ ሥር የወጣው ልጅ ፊቱና አንገቱ ጠቁሮና አብጦ፣ ነጠብጣብ ደም ለብሶ፣ የዐይኑ ነጭ ቀልቶ ይታያል። ያየው ሰው ሁሉ «አለቀለት» ይላል።

ነገር ግን ሸክሙ በጊዜ ተነሥቶለት መተንፈስ ከቻለ ያ የሚያስፈራው ጥቁረት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ በብዙዎቹ ልጆች ላይ የዘለቀ ምልክት አይተውም። በአንጻሩ ፊቱ ንጹሕ፣ ጎኑ ያልተሰበረ፣ እንዲያውም ተነሥቶ የሚራመድ ልጅ በውስጡ ሳንባው ተቀጥቅጦ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ 24 እና 48 ሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ ትንፋሹም እየፈጠነና እየከበደ ይሄዳል። የሚያስፈራው ጉዳት ቀላሉ፣ የማይታየው ደግሞ ከባዱ ሊሆን ይችላልና ዐይን በዚህ ነገር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

የዚህም ምክንያት በሕፃኑ አፈጣጠር ውስጥ ይገኛል። የአዋቂ ሰው ጎድን እንደ ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲመታ ይሰበራል፤ ሲሰበርም የግፊቱን ከፊል ኃይል በራሱ ላይ ያስቀራል። የሕፃን ጎድን ግን እንደ ርጥብ እንጨት ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይሰበር የተመለሰው አጥንት ግፊቱን በሙሉ ለሳንባውና ለልቡ አሳልፎ ሰጥቷል። በራጅ ሲታይ አንድም ስብራት ላይገኝ ይችላል። ሐኪሞች የሕፃን ጎድን ተሰብሮ ሲያገኙ ይበልጥ የሚሠጉት ርጥቡን እንጨት ለመስበር ምን ያህል ታላቅ ኃይል እንደሚያስፈልግ ስለሚያውቁ ነው።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቢላዋ አይጠይቅም። ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ራስጌው ከፍ ይደረግለታል፤ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ወይም ደም ከተጠራቀመ በቀጭን ቱቦ ይወጣለታል፤ በጥልቀት እንዲተነፍስና እንዲያስል የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል። ከሁሉም በላይ በንቃት ይጠበቃል። የተቀጠቀጠ ሳንባ ሌላ ጉዳት ካልተጨመረበት በቀናት ውስጥ መጥራት ይጀምራል። እንግዲያስ «ልጅ ቶሎ ይድናል» የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም።

ትዕግሥት ዕዳን አይሰርዝም

ነገር ግን ቃሉ በውስጡ የተሸሸገ ቅድመ ሁኔታ አለው። አንጎል ያለ አየር ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። የሕፃኑ ዕጣ የሚወሰነው በክብደቱ መጠንና ክብደቱ በላዩ ላይ በቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሙሉ የሚሆነው «ልጅ ቶሎ ይድናል፤ ሸክሙ ቶሎ ከተነሣለት» ሲባል ነው። ሁለተኛው «ቶሎ» የእኛ ነው፤ እርሱ ከጎደለም የመጀመሪያው ባዶ ተስፋ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው የአስተሳሰብ እርምጃ አለ። «ልጅ ይችለዋል» ከሚለው እውነት ተነሥተን «ስለዚህ ይሸከመው» ወደሚል ፍርድ እንሻገራለን። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው የአበው ቃል ድኻ ወላጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ የተነገረ ነው፤ የልጁን ዕድል የሚያበላሸውን አዋቂ ነጻ ለማውጣት ግን አልተነገረም። ጉዳትን መሸከም መቻል ለጉዳት መፍቀድ አይደለም። ለሕፃን ሥጋ የተሰጠው የመታጠፍና የመመለስ ጸጋ የሕፃኑ ሀብት ነው፤ እኛ እንደ ብድር ልናወጣበት አንችልም። አበዳሪው ታጋሽ መሆኑ የተበዳሪውን ዕዳ አይቀንስም። ትዕግሥቱን አይቶ ክፍያውን የሚያዘገይ ተበዳሪ ደግሞ በዕዳው ላይ ክፋት ይጨምርበታል።

ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት እንደ ሆነ የሥነ ምግባር ሊቃውንት ያስተምራሉ። ለሕፃን ከሚገባው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው የሚተነፍስበት ቦታ ነው። ይህን የምንነፍገው በምንሠራው ብቻ ሳይሆን ሳንሠራ በምናስቀረውም ነው፤ በሰው ልጅ ታሪክ ሕፃናትን የተጫነው ሸክም ብዙውን ጊዜ የተከመረው ማንም «ልግደል» ሳይል ነውና።

ከሩቅ አገር የመጣ ምስክር

የቆሼን ጉዳይ ለብቻው የሆነ የድኻ አገር ታሪክ አድርጎ የሚቆጥር ካለ በዌልስ የምትገኘውን አበርቫን የምትባል የማዕድን መንደር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ የተከመረው የከሰል ማዕድን ዝቃጭ ተንዶ በፓንትግላስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። ሕዝቡ ሁሉ፣ ማዕድን ቆፋሪ አባቶችም ጭምር፣ ሲቆፍር ዋለ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን በሕይወት የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። ብርቱ ክንድና የሠለጠነ ቆፋሪ ባለበት መንደር እንኳ ለማዳን የተሰጠው ጊዜ ከሁለት ሰዓት አልበለጠም።

ነገሩን የመረመረው የዳኞች ጉባኤ ጥፋቱ የአገሪቱ የከሰል ማዕድን ቦርድ መሆኑን በ1967 ወሰነ። ክምሩ ምንጭ ባለበት ቦታ ላይ ተከምሮ ነበር፤ አደጋውን አስቀድመው ያመለከቱ ነዋሪዎችም ነበሩ። ከዚህ በኋላ የሆነው ለጥያቄያችን ይበልጥ ይጠቅመናል። በመንደሩ አናት ላይ ሌሎች ክምሮች ቀርተው ነበር። ነዋሪዎቹ እንዲነሡላቸው ሲጠይቁ ለሐዘንተኞች ከተሰበሰበው የእርዳታ ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ለማንሻ እንዲከፈል ተደረገ፤ ገንዘቡ የተመለሰላቸው በ1997 ነው። ልጆቻቸው የተቀበሩባቸው ወላጆች በተረፉት ልጆች ላይ ያንዣበበውን ሸክም ለማንሣት ከገዛ ሐዘናቸው ከፈሉ ማለት ነው።

የተረፉትስ እንዴት ሆኑ? ከ33 ዓመታት በኋላ በ41 የአበርቫን ትሩፋን ላይ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት ከእነርሱ 46 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከድንጋጤ በሚመጣ የመንፈስ ሕመም እንደ ተሠቃዩ፣ 29 በመቶው ደግሞ በጥናቱ ጊዜም ከዚያው ሕመም እንዳልተላቀቁ አረጋገጠ። ጎድናቸው ወደ ቦታው ከተመለሰ ቆይቷል፤ ሌሊታቸው ግን አልተመለሰም። ልጅ ቶሎ ይድናል ስንል የትኛውን ክፍሉን ማለታችን እንደ ሆነ እንድንጠነቀቅ ይህ በቂ ምስክር ነው።

አበርቫንም ቆሼም ብቻቸውን አይደሉም። በፊሊፒንስ በፓያታስ የቆሻሻ ክምር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በኡጋንዳ ካምፓላ አጠገብ የሚገኘው የኪቴዚ ክምር በነሐሴ 2024 ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። የአገርና የዘመን ልዩነት ሳይከለክለው በየቦታው የተጣለው ነገር ከላይ፣ የተረሳው ሰው ደግሞ ከታች ሆኖ እናገኛለን።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ስለሚለው

በሐዘን ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይከስ ለማጽናናት ሲባል የምንታገሠው ቃል ነው። የነገሩ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው እንደ መልስ ሲሰጥ ግን ስሕተት ይሆናል።

በወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ስለ መግደሉ ተነግሮ እናነባለን። ጌታችን የሞቱት ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለ ሆኑ እንዳልሞቱ በግልጽ ተናገረ፤ የቀሩትንም ወደ ንስሐ ጠራቸው። ስለ ሙታኑ ጠይቀው መልሱ የተመለሰው ወደ ሕያዋኑ ነበር። እኛም ስለ ቆሼ ሙታን ስንጠይቅ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል።

ቆሼ እግዚአብሔር የሠራው ተራራ አይደለም። በሰው እጅ፣ በገንዳና በመኪና፣ ከየደጃችን እየተጠረገ የተከመረ ነው። ከቦሌም ከፒያሳም፣ ከሀብታሙ ግቢም ከድኻው ጓሮም ወደዚያ ያልሄደ የለም። እያንዳንዱ ቤት ያዋጣው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ግን ቤት ቀበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ስለ ኃጢአት መዋቅሮች ሲያስተምሩ፣ እንዲህ ያሉ መዋቅሮች ከግለሰቦች ተጨባጭ ሥራ የሚነሡ፣ ኋላም እየጠነከሩ ለማንሣት የሚያስቸግሩ እንደ ሆኑ አመልክተዋል። ይህን ትምህርት ለልጆች ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከቆሼ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም። የሁሉም የሆነ ኃላፊነት የማንም እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የከተማ አስተዳዳሪ ዕዳ ከጎረቤት ዕዳ ይበልጣል፤ አደጋውን የማየትና የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው «ሁላችንም ነን» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ሊደበቅ አይገባም።

«ለዓላማ ተርፈሃል» ስለሚለው

ሌላው በጥንቃቄ ልንይዘው የሚገባ ቃል ደግሞ ለተረፈው ልጅ የምንነግረው ነው። «እግዚአብሔር ለትልቅ ነገር አትርፎሃል» እንለዋለን። ምስጋና ይገባል፤ ያለ ምስጋና የሚታለፍ መትረፍ የለም። ነገር ግን እኅቱ ከጎኑ ተኝታ ሳለ የሞተችበት ልጅ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ያስባል? «እርስዋስ ለትልቅ ነገር አትሆንም ነበርን?» ይላል። ዕድሜውንም ሙሉ ለሁለት ሰው ያህል ለመኖር፣ ስለ መትረፉ ሒሳብ ለማቅረብ ይጨነቃል። ከደረቱ ላይ አንድ ሸክም አንሥተን ሌላ ጫንንበት ማለት ነው።

የእግዚአብሔርን ምሥጢር ለማናውቀው ነገር መልስ አድርገን ለሕፃን ልንሰጠው አይገባም። ለእርሱ የሚበቃው «እንኳን ተረፍህልን፤ እንወድሃለን፤ በሆነው ነገር ጥፋት የለብህም» የሚለው ቃል ነው። ሕፃን በሕይወት ለመኖር ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም።

የሚጫንና የሚነሣ እጅ

ታዲያ ሸክም ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። ሕክምና ራሱ እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ትምህርት ይሰጠናል። ከናዳ ሥር ወጥቶ የማይተነፍስ፣ ምላሽም የማይሰጥ ልጅ የሚረዳው እንደ ገና ደረቱን በመጫን ነው። የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ ሰው እጁን በደረቱ አጥንት ላይ አድርጎ የደረቱን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ታች ይጫናል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ብቻውን ከሆነ በየ30ው ግፊት ሁለት ጊዜ ትንፋሹን ይሰጠዋል። ቀድሞ የገደለውም ግፊት ነበር፤ አሁን የሚያድነውም ግፊት ነው። ልዩነታቸው የት ላይ ነው? የሚያድነው እጅ ይለካል፤ ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላም ሙሉ በሙሉ ይነሣል። አሠልጣኞች ደረቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ዳግመኛ እንዳትጫኑ እያሉ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ልብ በደም የሚሞላው እጅ በሚነሣበት ቅጽበት ስለ ሆነ ነው።

የነቢዩ ኤልሳዕንና የሱነማይቱን ልጅ ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን አንድ ነገር ያስተውሉ። ነቢዩ በሕፃኑ ላይ ተዘረጋ፤ አፉን በአፉ ላይ አደረገ። ግን በዚያው ተጭኖ አልቀረም፤ ተነሣ፤ በቤቱ ውስጥ ተመላለሰ፤ ዳግመኛም ተዘረጋበት። ሕፃኑም ሰባት ጊዜ አስነጠሰ፤ ዐይኑንም ከፈተ። ታሪኩ የሕክምና ትምህርት ሊሰጠን አልተጻፈም፤ ነገር ግን በትንሽ አካል ላይ የሚዘረጋ ታላቅ አካል እንዴት መሆን እንዳለበት ያሳያል።

ትምህርት፣ ሥራ፣ ቁጣና ሥርዓት በልጅ ላይ የምናኖራቸው ክብደቶች ናቸው። ልጅ ያለ እነርሱ አያድግም። ውኃ መቅዳት፣ ታናሹን መጠበቅ፣ ለጥፋቱ መገሠጽ ያጠነክሩታል። ሚዛኑ ግን አንድ ነው፦ ከአቅሙ ጋር ተለክቷልን? በጊዜውስ ይነሣልን? ከትምህርት ገበታ አውጥቶ ዕድሜ ልኩን የሚያስቀረው ሥራ፣ ይቅርታ የማይከተለው ቁጣ፣ የወላጆች ጠብ በየሌሊቱ የሚያወርድበት ፍርሃት የማይነሡ ሸክሞች ናቸው። እነዚህም ጎድን አይሰብሩም፤ ራጅም አያሳያቸውም።

ምን እናድርግ?

በቁምስናችን ያሉ ቤተሰቦችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሊይዟቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የደቂቃዎቹ ዕዳ ነው። ልጅ ከግንብ፣ ከአፈር ወይም ከመኪና ሥር ሲገኝ አስቀድሞ ደረቱና ፊቱ ነጻ ይደረግ፤ ሌላው አካሉ እስኪወጣ ድረስ ደረቱ አይጠብቅም። በአዲስ አበባ ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። ናዳ በሆነበት ቦታ ግን ድፍረት ከማስተዋል ጋር ይሁን። በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት ናዳ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ራሳቸው በሁለተኛ ናዳ ተቀብረዋል፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። የእነርሱ ፍቅር ነቀፌታ የለበትም። ከላይ ያለውን ቁልቁለት የሚመለከትና የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰው ማቆም ግን ያንኑ ፍቅር በጥበብ ማገዝ ነው።

ሁለተኛው የቀናቱ ዕዳ ነው። ደረቱ የተጨፈለቀ ልጅ «ደኅና ነው፤ እየሮጠ ነው» ተብሎ ወደ ቤት አይወሰድ፤ ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙም ይቆይ ካለ ይቆይ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ደም ከተፋ ወይም ከወትሮው ውጭ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይመለስ።

ሦስተኛው የዓመታቱ ዕዳ ነው። በጠባብ ክፍል መተኛት የፈራ፣ ዝናብ ሲጥል የሚንቀጠቀጥ፣ በትምህርት ቤት ዝም ያለ ልጅ ሰነፍ ወይም አስቸጋሪ ተብሎ አይቀጣ። ቢናገር ይደመጥ፤ ካልፈለገም አይገደድ። ፍርሃቱ ከሰነበተ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። በየሳምንቱ የሚያገኘው መምህር ከወላጆቹ ቀድሞ ለውጡን ሊያስተውል ይችላል።

አራተኛውና ታላቁ ከአደጋው በፊት ያለው ዕዳ ነው። ክረምት ሲገባ የሚያዘነብል ግንብ፣ ከተቆረጠ ገደል ሥር የተሠራ ቤት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ለሁላችንም ይታያሉ። ዛሬ ልንናገረው የምንችለውን ለነገ ለቅሶ አናቆየው።

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ሰዎቹ ከክምሩ ሥር የኖሩት እንጀራቸው እዚያ ስለ ነበረ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ብረት፣ ጠርሙስና ላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙዎች ነበሩ። ቤታቸውን ብቻ አንሥቶ እንጀራቸውን መተው አንዱን ክብደት በሌላ መለወጥ ነው፤ ረኀብም ደረት ያጠብባል። ስለዚህ «ይነሡ» የሚል ሁሉ «ምን ይበሉ?» የሚለውንም አብሮ መመለስ አለበት። ይህ ከባድ ነው፤ የሚከብደው ግን ለጥቂቶች ብቻ ከተተወ ነው። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለዚህ ነው። በቆሼ የተናደው የመላው ከተማ ክብደት ሆኖ ሳለ የወደቀው በጥቂት ቤቶች ላይ ነበር። ሁላችን ያመረትነውን ሁላችን ልንሸከመው ይገባናል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የልጅ ሥጋ ቶሎ መዳኑ ግዴታችንን አያቀልልንም። ያ ጸጋ ባይኖር ኖሮ ከደረስንም በኋላ የምናደርገው ጥቂት በሆነ ነበር፤ ስላለ ግን የእኛ መድረስ ሕይወት፣ የእኛ መዘግየት ሞት ሆኗል። ሕፃኑ የድርሻውን አድርጓል፤ ታጥፏል፣ ቆይቷል፣ ለመመለስም ዝግጁ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ከእኛ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጠን «አይዞሽ፣ ልጅ ቶሎ ይድናል» ስንል በልጅዋ ላይ እስካሁን ያልተነሣ ምን እንዳለ እንጠይቃት፤ ነግራንም ከሆነ ለማንሣት እንነሣ።